ስም ያለው ማር

በሁሩሙ ከተማ ማር ሁሉ ወደ አንድ በርሜል ይገባል። ገበሬው ከጫካ ቆርጦ ያመጣል፤ ነጋዴው መዝኖ ይገለብጣል፤ ከዚያ በኋላ የማን ማር የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። ወጣቷ ጎረቤታችን ጊፍቲ ግን ማሬን ከሌላው ጋር አልቀላቅልም አለች። በጓሮዋ ካስቀመጠቻቸው ዘመናዊ ቀፎዎች ያገኘችውን በብልቃጥ አሸገች፤ በብልቃጡም ላይ ስሟን ለጠፈች። በሁለት ዓመት ውስጥ መቱ ብቻ ሳይሆን እስከ ቡሬ ድረስ «የጊፍቲ ማር አለ?» እያለ የሚጠይቀው በዛ።

ንቦቿ ተናዳፊ መሆናቸው የተወራው ከዚህ በኋላ ነው።

የሰፈሩን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰባት ጎረቤቶች ተሰብስበው ቤቴ መጡ። የሚመሯቸው ጋሽ ዳምጤ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀሉ ሰው ናቸው። ንቦቹ ሰፈሩን ስላወኩ የጊፍቲ ቀፎዎች እንዲነሱ ለቀበሌው የሚቀርብ ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ አሳምሬ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ቀበሌው ሰባት ፊርማ ካየ ዝም እንደማይል እነሱም እኔም እናውቃለን። ነጭ ማር የሚሰጠው የገተማ ዛፍ አበባ ሊፈነዳ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው፤ ቀፎዎቹ አሁን ከተነሱ ጊፍቲ የዓመቱን ምርት ብቻ ሳይሆን ንቦቿንም ታጣለች።

እምቢ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ አገር ዞሬ ተመልሼ፣ በቁርስ ጠረጴዛዬ ላይ የዚያችን ልጅ ስም ባነበብኩ ቁጥር እኔንም ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር። ስለዚህ እጽፋለሁ አልኩ። ነገር ግን «ሰፈሩ ታውኳል» ብዬ በጅምላ አልጽፍም፤ እያንዳንዱ ሰው የደረሰበትን ለብቻው ይንገረኝ፣ እኔም በየስሙ አሰፍረዋለሁ አልኳቸው። ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ ወደ ሳሎን አስገባኋቸው።

ነመራ እሱ እንኳ እንዳልተነደፈ፣ የተነደፈችው የድሪቤ ልጅ እንደሆነች ነገረኝ። ድሪቤ ልጇ ደህና መሆኗን፣ የተነደፈው የነመራ በሬ እንደሆነ መስማቷን ነገረችኝ። ጅራታ ሌሎቹ የፈረሙትን እፈርማለሁ አለ፤ የራሱ የሆነ ነገር እንዳለው ስጠይቀው ጊፍቲ ለሚስቱ ሥራ ትሰጣት እንደሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ። ሦስቱ ደግሞ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ አውርተው ወጡ።

በመጨረሻ ጋሽ ዳምጤ ገቡ።

«እርስዎንስ ነደፉዎት?» አልኳቸው።

«እኔን ንብ ነድፎኝ አያውቅም» አሉ፣ እንደተሰደበ ሰው። ከዚያም ልባቸው ሲነካ እንደሚያደርጉት ወደ አፋን ኦሮሞ ተሻገሩ። «ሠላሳ ዓመት ማር ቆርጫለሁ፣ እትዬ ሮማነወርቅ። ቀምሶ ይህ የዳምጤ ነው ያለ አንድ ሰው የለም። እሷ ትናንት ጀምራ…» ሳይጨርሱት ተዉት።

«ታዲያ የእርስዎ ማር ከእሷ ያንሳል?»

«ማነው ያንሳል ያለው?»

«ማንም አላለም። ማንም ለይቶ አላየውማ።»

ባዶውን ወረቀት ተመለከቱት። «እንግዲያው ስሜን እዚያ ላይ አይጻፉት» አሉና ተነሡ። ደጅ የነበሩት ስድስቱ ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ማመልከቻውም ሳይጻፍ ቀረ።

የገተማው ማር ሲደርስ ጋሽ ዳምጤ በገበያ ቀን ከጊፍቲ ጎን ቦታ ያዙ። ነጩን ማራቸውን በብልቃጥ አሽገው፣ ስማቸውን ከእሷ በገዘፈ ፊደል አስጽፈው ነበር። የዛፍ ማርና የጓሮ ማር ለየቅል መሆናቸውን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያስረዳሉ። እስከ ቀትር ድረስ ሁለት ደንበኞቿን ወስደውባታል።

ጊፍቲ ስታየኝ ጠራችኝ። ለካ ስለ ማመልከቻው ያኔውኑ ሰምታ ኖሯል።

«እትዬ፣ ቢጽፉብኝ ይሻለኝ ነበር እኮ» አለችኝ እየሳቀች። ከዚያም የብልቃጥ ክዳን ጎድሏቸው ወዲያ ወዲህ ለሚሉት ለጋሽ ዳምጤ ከራሷ ዕቃ ሁለት ክዳን አንስታ አቀበለቻቸው።