የመጨረሻው ትምህርት ድምፅ የለውም

፩

ድምፅ የለም።

፪

ላፕቶፑ በርቷል። ኢንተርኔትም አለ። የሬዲዮው ገጽ ተከፍቷል፤ ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች ይቆጥራሉ፤ ስርጭቱ እየገባ ነው ማለት ነው። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን በመጻፊያ ቁልፎቹ ላይ ለጠፈች። የታመመ ሕፃን ትንፋሽ የመሰለ የማቀዝቀዣው ሹክሹክታ ብቻ።

፫

እናንተ የምታነቡ፣ ማን ምን እንደሆነ ሳታውቁ እንዳትቸገሩ፦

ጥሩወርቅ ደሴ ትኖራለች። ልጇ ፍሬገነት ለአንዲት ትንሽ የኢንተርኔት ሬዲዮ የጎልማሶች የንባብ ትምህርት ታዘጋጅ ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እናቷን ፊደል ያስቆጠረችውም እሷ ናት፤ መጀመሪያ በጓዳ፣ ከዚያ በሬዲዮ።

የመጨረሻውን ትምህርት ቀርፃ ባስረከበች ሰሞን ሆስፒታል ገባች። ትምህርቱ በተላለፈበት ዕለት ጥሩወርቅ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የልጇን እግር ታሽ ነበር። አልሰማችውም።

ፍሬገነት ከዚያ አልጋ አልተነሣችም።

አሁን ጣቢያው ሊዘጋ ነው። ከመዘጋቱ በፊት የቆዩ ፕሮግራሞቹን በየተራ እየለቀቀ ነው። የመጨረሻው ትምህርት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ ያልፋል። ቅጂ እንዲሰጣት የጣቢያውን ባለቤት በሰው አስጠይቃ ነበር፤ መልስ የለም። እንግዲህ ዛሬ ካልሰማችው አትሰማውም።

ለዚህ ነው ገና ምሳ ሳትበላ ላፕቶፑ ፊት የተቀመጠችው።

፬

ሙከራ፦ ጥፊ።

ጎረቤቷ ድንቄ፣ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ከጎኗ የምትቀመጠው፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚድን አውቃለሁ ብላ ገባች። ላፕቶፑን በመዳፏ ጀርባውን ሁለቴ አለችው።

«የባለቤቴ ሬዲዮ ዕድሜ ልኩን የዘፈነው በዚህ ነው።»

«ባለቤትሽንም በዚሁ ነበር የምታናግሪው?»

ድንቄ ሳቀች። ጥሩወርቅ ግን የራሷ ቀልድ አላሳቃትም፤ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት አልተነቀለም።

ውጤት፦ ድምፅ የለም።

፭

ሙከራ፦ አጥፍቶ ማብራት።

ላፕቶፑ ያረጀ ነው። ፍሬገነት ከአንድ ቢሮ ሊጣል ሲል አንሥታው ሊኑክስ የሚባለውን ማስኬጃ ፕሮግራም ጫነችበት። «ሽማግሌ የማይንቅ ነው» ትለው ነበር ሊኑክስን። ላፕቶፑ ግን እንደማንኛውም ሽማግሌ ሲነሣ ጊዜ ይወስዳል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ተተራመሰ። ጥሩወርቅ በልቧ ስለት ተሳለች። ምን እንደተሳለች ለድንቄም አልነገረቻት፤ እዚህም አይጻፍም።

ውጤት፦ ድምፅ የለም።

፮

ሙከራ፦ ይድነቃቸው።

(ይድነቃቸው በጣቢያው የፍሬገነትን ትምህርት ኤዲት ያደርግ የነበረ ልጅ ነው፤ ቅጂ ግን እጁ ላይ የለም። ዛሬ ለሌላ ሥራ ወደ ሚሌ እየወረደ ነው፤ መኪና ውስጥ ነው፤ ስልኩ ይቆራረጣል።)

— ማዘር፣ የስፒከር ምልክት አለች አይደል? እሷን ይጫኑና «ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ይክፈቱ።

— እንደሱ የሚል የለም።

— እንዴት አይኖርም? እንግሊዝኛውን በደንብ ይዩት እስቲ።

— እንግሊዝኛ አይደለም። አማርኛ ነው። እኔ እንዳነበው ብላ ፍሬ ናት የለወጠችው።

— … በአማርኛ አይቼው አላውቅም። እንግዲህ ያንብቡልኝ።

— እኔ?

— ማን አለ ሌላ፣ ማዘር?

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። ላብ ያጠመቀው ጣት መስተዋቱ ላይ አሻራ ተወ።

— ድ… ም… ፅ። ድምፅ። መ… ው… ጫ። ድምፅ መውጫ።

— ጎበዝ። ከሱ ሥርስ?

— ማ… ዳ… መ… ጫ።

— ማዳመጫ? ሄድፎን ተሰክቷል እንዴ?

— ኧረ ምንም የተሰካ የለም።

ስልኩ ተቋረጠ።

፯

የተሰካ ግን ነበር።

ከላፕቶፑ ጎን አንድ ቀጭን ጥቁር ገመድ ይወጣል። ጥሩወርቅ ሁልጊዜ ታየዋለች፤ የላፕቶፑ ጅራት ይመስላት ነበር። ገመዱ ከጠረጴዛው ኋላ ወርዶ በቁም ሳጥኑ በር ላይ ወደተሰቀለው የፍሬገነት ሻርፕ ይገባል። አርባዋ ሲወጣ ልብሷን ለነዳያን ያወጡት ዘመዶች ሻርፑን ሊያነሡት ሲሉ፣ ጥሩወርቅ እሱን ተዉት ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። እሷም።

ተነሣች። ቀረብ አለች።

ሻርፑ ውስጥ ዘፈን አለ።

፰

ይድነቃቸው ተመልሶ ደወለ፤ የገመዱን ነገር ነገረችው። ገመዱን ይንቀሉት፣ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል አለ።

«እሷ የሰካችው ነው» አለችው።

እንግዲያስ ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉት አለ። መሀል ላይ ድምፁ ከጠፋ ከላይ ያለችውን ክብ ቀስት ይጫኗት፣ ትመልሰዋለች አለ።

ሻርፑን ገለጥ አድርጋ ማዳመጫውን አወረደች። ለልጇ ሹሩባ የተለካ ነበርና የእሷ ራስ ላይ ሰፍቶ ወደ አንገቷ ተንሸራተተ። በእጇ ደግፋ ያዘችው። የግራው ስፖንጅ ተልጧል። የፀጉር ቅባት ይሸታል።

ድንቄ እኔስ ምን ልስማ ብላ ልታጉረመርም ጀምራ ተወችው። ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

፱

ዘጠኝ ሰዓት።

ልጇ በማዳመጫው ውስጥ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበረች።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ፍሬገነት ነኝ። ዛሬ የመጨረሻው ትምህርታችን ነው። አንድ ቃል እነግራችኋለሁ። ጻፉትና መልሳችሁ አንብቡልኝ። መጀመሪያ፦ ውሃ።»

 

 

ድምፅ የለም።

ጥሩወርቅ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። ጠበቀች። የለም። ክቧን ቀስት ተጫነች። ገጹ ነጣ፤ ቆየ፤ ተመለሰ። ልጇ ሌላ ነገር ላይ ደርሳለች። «… በጣም ጥሩ። አሁን ደግሞ፦ መንገድ። ጻፉና አንብቡልኝ።»

 

 

ድምፅ የለም።

ቀስቷን ተጫነች።

፲፪

(አሥርና አሥራ አንድ የሉም። ገጹ በነጣ ቁጥር ትምህርቱ እሷ ሳትሰማው አልፏል። እሷ ያልሰማችውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።)

፲፫

ስልኩን አንሥታ ለይድነቃቸው ደወለች። ልጄ እያለቀብኝ ነው፣ ልጄ እየጠፋችብኝ ነው አለችው።

— ማዘር፣ ቆይ። የት ላይ ነው የሚጠፋው?

— አንብቡልኝ ትላለች። ከዚያ የለችም።

መኪናው ሲንገጫገጭ ይሰማታል።

— ይድነቃቸው?

— እሱ ብልሽት አይደለም፣ ማዘር።

እየተቆራረጠ ነገራት። ኤዲት ሲያደርግ ያንን ዝምታ ሊያሳጥረው ፈልጎ ነበር፤ የሚሰማው ሰው ሬዲዮው ሞተ ብሎ ይዘጋዋል ብሎ ተከራክሯታል። ፍሬገነት አሻፈረኝ አለች።

— «እማዬ ፊደሉን ፈልጋ እስክታገኝ ነው» አለችኝ። እርስዎ ሲያነቡ ቁጭ ብላ በሰዓት ለክታው ነው የመጣችው። የእርስዎ ዝምታ ነው። ዝም ስትል አይንኩት። ያንብቡ።

፲፬

አልነካችውም።

«… ልንጨርስ ነው። የመጨረሻዋ ሥራ። አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ስም ጻፉ። ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። አትቸኩሉ። እጠብቃለሁ።»

፲፭

ጥሩወርቅ እርሳሱን አነሣች። ድንቄ ምን እንደተባለ አልሰማችም፤ ወረቀቱን ብቻ ገፋ አድርጋ አስጠጋችላት። የቀኝ እጇ ወረቀቱ ላይ ነው። ግራው ማዳመጫውን ደግፏል።

ቁጥሮቹ ይቆጥራሉ። ስርጭቱ አልተቋረጠም።

፲፮

 

 

____________________