የሳቂታዋ ፎርማ

ጫማ ቤቴ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅብኛል፤ እግሩን የሚያመው ሰው የሚመጣበት ቤት ደረጃ ምን ያደርግለታል ይላል። መጀመሪያ የወጣሁት ምድር ላይ ቦታ አጥቼ ነው። በኋላ ግን ደረጃው የሥራዬ ግማሽ ሆነ። ጫማ ስጨርስ ባለቤቱን አጫምቼ አሥራ ስምንቱን ደረጃ ውረድ እለዋለሁ። እኔ ከወንበሬ አልነሳም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። አንዱ ኮቴ ከሌላው ከከበደ ታኮው ይስተካከላል፤ እኩል ከመጣ ሥራው አለቀ። ሰው መስታወት ፊት ቆሞ «ተመችቶኛል» ቢለኝ አላምነውም። ሰው ይሉኝታ አለበት፤ ደረጃ ይሉኝታ የለበትም።

ሌላው ልማዴ ፎርማ ላይ ስም አለመጻፌ ነው። ፎርማ ማለት በእግር ልክ የሚጠረብ እንጨት ነው፤ ቆዳው የሚወጠረው እሱ ላይ ነው። ስም ይመሳሰላል፣ እግር ግን አይመሳሰልም። ስለዚህ በእርሳስ የምጽፈው ቅጽል ነው፦ «ቶሎ በል»፣ «ሁለት ሜትር»፣ «ሚስቱን የሚፈራው»። ይኸኛው ደንበኛ አንድ ቀን አንብቦት ተኮራርፈን ነበር። ያስታረቀችን ሚስቱ ናት።

ከጠረጴዛዬ በላይ ብቻውን ሚስማር ላይ የተሰቀለ ፎርማ አለ። የግራ እግር ነው፣ አጠር ያለ። የባለቤቴ ነው። ልጅ ሆና ታማ ግራ እግሯ ከቀኙ ጋር እኩል ሳያድግ ቀርቶ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት አለፋት።

ባለቤቴ እጇ ላይ ነገር አይቆይም ነበር። የተቀመጥክበትን ወንበር ከሥርህ ስባ ለጎረቤት የምትሰጥ ሴት ናት። ስቆጣ፣ «የሰጠሁት የት ይሄዳል? እኔ ብረሳው እግዜር አይረሳው» ትለኛለች። ለእኔ እምነት ማለት እሷ ነበረች፤ ጸሎቱንም ምጽዋቱንም ለእሷ ትቼ ቆዳዬን እቆርጥ ነበር። አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ቀሚሶቿን፣ ኮቷን፣ ጃንጥላዋን ሳይቀር ሰው እያስጠራች አደለች። «ለእኔስ ምን ተውሽልኝ?» አልኳት ተቀይሜ። «አንተን ራስህን። የሚወስድህ ጠፍቶ ነው» አለችኝ። ልትስቅ ስትል ሳሉ ያዛት።

ከዚያ ወዲህ እሷን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ሳል ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ከድምጿ የቀረልኝ ሳሏ ብቻ መሆኑ ያናድደኛል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። ፎርማው ከእደላ የተረፈው የጫማ ቤቱ ዕቃ ስለሆነ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከእሷ ዕቃ ከእሱ ሌላ የቀረኝ የለም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል፤ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። እጄ ላይ የነበረውን ወስፌ አስቀመጥኩ። ግራ እግሯ አጭር እንደሆነ በሩን ሳትከፍት አውቄያለሁ።

ወጣት ናት፤ ፊቷ ኮስተር ያለ፣ ንግግሯ የተቆጠበ። ነርስ ነች። የቀድሞው ጫማ ሰሪዋ ሥራ በማቆሙ አሮጌው ጫማዋ በማስቲሽ ተለጣጥፎ ነው የቆየው። አስቀምጬ እግሯን ወረቀት ላይ በእርሳስ አዞርኩት፣ ዙሪያውንም ለካሁ።

«ለወሩ መጀመሪያ ይደርስልኛል አባባ?» አለችኝ። «የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። የተመደብኩት ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መቆም አለ። በዚህኛው ጫማ ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆምም፤ ዳሌዬን ያመኛል። ካልቻልኩ ካርድ ክፍል ያስቀምጡኛል።»

«ካርድ ክፍልም ሥራ ነው ልጄ።»

«ሥራ ነው። ግን ካርድ ለማስታመም አልተማርኩም።»

ለወሩ መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ነበረው። ለቀኝ እግሯ የሚሆን ፎርማ መደርደሪያው ሙሉ አለ። ለግራው ግን አዲስ መጥረብ አለብኝ፤ እንጨቱ ደግሞ ተቆርጦ እስኪደርቅ ዓመት ይፈጃል። እርጥብ እንጨት ላይ ጫማ ቢወጠር እንጨቱ ሲሰበሰብ ጫማውም አብሮ ይጣመማል። ይህንን ነገርኳት። እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የደረቀ እንጨት ከራሴ በላይ ተሰቅሏል።

እሷም ቀና ብላ አየችው። «ያኛውስ?»

«እሱ ጌጥ ነው» አልኩ።

ምላስ አጥንት የለውም። ነርሷ «ያምራል» ብላ አሮጌ ጫማዋን አጥልቃ ወረደች። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ እስከ ታች ድረስ።

ከጀርባዬ የልጄ የስፌት መኪና ቆመ። ልጄ አብራኝ ነው የምትሠራው፤ «ዳኛዬ» እላታለሁ፣ ብዙ ሳትናገር ስለምትፈርድ።  በነጋታው ጨርቁን ስታቀብለኝ፣ «እንካ፣ ጌጥህን ጥረገው» አለች። ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብም «አባዬ፣ ጌጥህ አቧራ እንዳይነካው» አለችኝ። እናቷ ብትሆን ኖሮ አንዴ ጮኻ በገላገለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አላስቻለኝም። የነርሷን እግር ያዞርኩበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ፎርማውን ከሚስማሩ አወረድኩት። ልጠርበው አልነበረም። እንደማይሆን አይቼ ኅሊናዬን ላሳርፍ ነው። ወረቀቱ ላይ ሳቆመው ፎርማው በሁለቱም በኩል ከመስመሩ ወጣ፤ ሰፊ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ምኑም የእሷን እግር አይመስልም። ደስ አለኝ ብል ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

«ዳኛዬ፣ ነይ እዪ» አልኳት። «ብፈልግም አይሆንም ነበር።»

ልጄ መጣች። ፎርማውን አንስታ በጣቷ ዳበሰችው፣ አገላበጠችው፤ ከዚያ ጥፍሯን አንድ ቦታ ሰካች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ እንጨት አይደለም። ቆዳ ነው።»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም። የደንበኛ እግር ሲሰፋ ፎርማ አይጣልም፤ በሰፋበት ቦታ ቆዳ ይለጠፍበታል። የለጠፍኩት እኔው በገዛ እጄ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን እንጨቱን የምጠርግ እየመሰለኝ ልጣፊውን ነበር የምጠርገው።

ቢላዬን አሙቄ ከላይኛው ጀመርኩ። የመጨረሻው ዓመት ልጣፊ ነው፣ እግሯ በበሽታው ሲያብጥ የጨመርኩት፤ ወፍራምና ሰፊ። ሲነሳ ልቤ ቀለል አለ። እኔ ለካ በየጠዋቱ ስሰግድለት የኖርኩት ለእብጠቱ ነው። ሁለተኛው አውራ ጣቷ ሥር የነበረው ነው፤ በዕድሜ አጥንቷ ወጣ ሲል ያደረግሁት። ሦስተኛው ስስ ነበር፣ በጣም ያረጀ። አንስቼ ለልጄ ሰጠኋት።

«ይቺ አንቺ ነሽ» አልኳት። «አንቺን ስታረግዝ እግሯ መስፋቱን የሚያቆም አይመስልም ነበር።»

ልጄ ልጣፊውን አየችው፤ ከዚያ በሽርጧ ኪስ ከተተችው። መኪናዋ ጋ ተመልሳ ብዙ ቆየች፣ ግን አልሰፋችም።

እጄ ላይ የቀረው እንጨቱ ብቻ ነው። ትንሽዬ፣ ጠባብ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ እግር። በጎኑ ደግሞ በእርሳስ፣ በወጣትነት ጽሕፈቴ፣ «ሳቂታዋ» ይላል።

ጨርሶ ረስቼው ነበር። ያኔ ሚስቴ አልነበረችም፤ ደንበኛ ነች። ጫማዋን ሠርቼ ደረጃውን ውረጂ አልኳት። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ሳቅ ሰማሁ። ከታች ተመልሳ ወጣችና «ደግሜ ልውረድ?» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ወረደች፣ ሦስት ጊዜ ሳቀች። በሕይወቷ ሁለቱ ኮቴዎቿ እኩል ሲሰሟት የመጀመሪያዋ ነበር። ታሪኩን ለልጄ አወራሁላት፤ ሳቁን ግን ማስታወስ አልቻልኩም። እንደሳቀች አውቃለሁ፤ ድምፁ ግን የለም። ሳሉ ብቻ ነው የሚመጣው።

እንደገና ወረቀቱ ላይ አቆምኩት። ርዝመቱ ልክ ነው። ጣቱ ልክ ነው። ተረከዙ ልክ ነው። በውጭ ጎኑ ብቻ የክብሪት እንጨት ያህል ይተርፋል። ያ የሚተርፈው ጎን ጽሑፉ ያለበት ነው።

«ከሌላ ቦታ መቀነስ አይቻልም?» አለች ልጄ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርዷን ያላላችው ያኔ ነው።

«እግር ድርድር አያውቅም።»

ሞረዱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ደግሜ አነሳሁ።  አሁን ገና አግኝቻት አሁኑኑ ልፍቃት? እግዜርን ብዙ አላስቸግረውም፤ የምናወራው በእሷ በኩል ነበር። ያን ዕለት ግን፣ «የምታውቅህ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኩት። «የሰጠሁት የት ይሄዳል ትል ነበር። እኔ የት እንደሚሄድ አላውቅም። እሷን አምኜ ነው።»

ከዚያ ሞረድኩ። መጀመሪያ «ሳ» ሄደች፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ዱቄቱ ጉልበቴ ላይ ወረደ። የመጨረሻዋ ፊደል ስትጠፋ አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማኝም። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ልጄ ነርሷ የተመደበችበት ሆስፒታል ሄዳ አድራሻዋን ጠይቃ ጠራቻት። ሁለት ሳምንት ሠራሁ። ለስላሳ ጥቁር ቆዳ፣ ከግራው ሥር ከውጭ የማይታይ የቡሽ ንጣፍ። ልትሞክረው የመጣች ቀን ተንበርክኬ ማሰሪያውን እያሰርኩ፣ «ያን ጊዜ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «ጌጥ አልነበረም። የባለቤቴ ነው። ነፍሷን ይማረው።»

«አውቄያለሁ አባባ» አለችኝ። «ጌጥ አቧራ ይይዛል። እሱ ላይ አቧራ አልነበረም።»

«አውቀሽ ለምን አልተከራከርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ?»

ማሰሪያውን አጥብቄ ጨረስኩ። «በይ ውረጂ» አልኳት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እኩል፣ እኩል፣ እኩል። ስምንተኛው ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። ይህቺ ልጅ አልሳቀችም፤ ሳቂታ አይደለችም። አሥራ ስምንቱንም ጨርሳ ድምፁ ጠፋ። በቃ፣ ሥራው አልቋል። ፎርማውን ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው አነሳሁት፤ ግን ቅጽል አልጻፍኩበትም። እርሳስ ይዤ ምን እንደምላት አሰብኩ። «ነርሷ» ልል ነበር፤ ነርስ ደንበኞች ግን ሌሎችም አሉኝ።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተመለሰ። እኩል፣ እኩል፣ እኩል፤ ፈጠን ብሎ። በሩ ተከፈተና ነርሷ ቆመች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«የረሳሽው አለ?» አልኳት።

«የለም አባባ።» መሬት መሬት አየች። «ካልከበደዎት... አንዴ ደግሜ ልውረድ ብዬ ነው።»

ያኔ ሰማኋት። ነርሷን አይደለም፤ የእኔዋን። ከስምንተኛው ደረጃ፣ ያ ልቅ ሳቋ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮት እንደገና የሚጀምረው፣ ምንም ሳል የሌለበት። ሦስት ዓመት የት ሄዶ እንደነበር እግዜር ይወቅ። እንባዬ መጣ፤ ግን የወጣው ሳቅ ነው። ልጄ መኪናዋን አቁማ ዞር አለች፤ ስስቅ ከሰማችኝ ሦስት ዓመቷ ነው። ነርሷ በእሷ የሳቅኩ መስሏት ደንገጥ አለች።

«ውረጂ ልጄ» አልኳት። «እስኪበቃሽ ድረስ ውረጂ።»

እሷ ስትወርድ ፎርማውን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፤ ልስልሱ ጎን ላይም በእርሳስ «ደግሜ ልውረድ» ብዬ ጻፍኩበት።