በሩን የሚይዝ ሰው

ሶፋዬን የሸጠልኝ ሰውዬ «ሁለት ሰው ዘና አድርጎ ያስቀምጣል» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ ችግሩ ሁለተኛው ሰው ነው። እኔ የምቀመጥበት ቀኝ ጎኑ ጎድጉዶ ጨርቁ አልቋል፣ ግራው ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ እንዳልል፣ እንግዳ አይመጣም።

ሥራዬ ጌም መተቸት ነው። አዎ፣ ቪዲዮ ጌም። ጋዜጣ ላይ። ይህን ስናገር ሰው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ለምጄዋለሁ። እናቴ ራሷ ጎረቤት ሲጠይቃት «ጋዜጠኛ ናት» ብላ ታልፈዋለች እንጂ ወደ ዝርዝሩ አትገባም። ስትደውልልኝ ደግሞ «አሁንም ትጫወቻለሽ?» ትለኛለች፣ የማይለቅ ሳል የያዘኝ ይመስል። ጽሑፌ የሚወጣው የልጆች ገጽ ላይ ነው፤ ከመስቀለኛ ቃላቱ በታች፣ ልጆች ቀለም ከሚቀቡት ዝሆን አጠገብ። ሰው ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ ልቤን ሰጥቼ እመረምርና፣ የምትደርሰኝ ከዝሆኑ ኩምቢ የተረፈች ቦታ ናት። ያናድዳል! በጣም ነው የሚያናድደው።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ዋና አዘጋጃችን ጠራኝ። ቴአትር ቤቱ ጣሪያው ሊጠገን ተዘግቷል፤ የቴአትር ሒስ የሚወጣበት ቦታም ባዶ ሊሆን ነው።

«ጌም ጥበብ ነው፣ ጌም ጥበብ ነው እያልሽ ጆሮዬን በልተሽዋል» አለኝ። «በይ፣ ቦታው ይኸውልሽ። የኪነ ጥበብ ገጽ፣ ሙሉውን። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካላስገባሽ ግን ማስታወቂያ እሞላበታለሁ። ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ።»

ጨርቄን ማቄን ሳልል እሺ አልኩ። ለዓመታት የለመንኩት ቦታ ነው። የምጽፍበትንም ጌም እዚያው ቆሜ መረጥኩ። ሁለት ልጆች የሞተች እናታቸውን ቤት ባዶ ያደርጋሉ፤ በቃ፣ ጌሙ ይኸው ነው። ጥይት የለ፣ ውድድር የለ፣ ነጥብ የለ። አልጋውን አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ ይዘው ያወጡታል፤ አንዱ ከቸኮለ ሌላው ይወድቃል። ከወጣ የቆየ ሥራ ነው፤ የሰማ ሁሉ ያወራለታል። እኔ እስከዚያ ያልነካሁት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ብቻን አይሆንም። በኢንተርኔትም ከማያውቁት ሰው ጋር አይሆንም። ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ቴሌቪዥን ፊት፣ ሁለት ጆይስቲክ ይዘው መቀመጥ አለባቸው።

ሰው ፍለጋ ጀመርኩ። እህቴ ጋ ደወልኩ። «ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው» አለችኝ። «ልጆቹን ሳይሆን አንቺን ነው የፈለግኩት» ስላት ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። የድሮ ጓደኛዬ «እንገናኝ እኮ!» አለችኝ። «እንገናኝ እኮ» ማለት አንገናኝም ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ በሯን ገርበብ አድርጋ ጆይስቲኩን እንደ አይጥ አየችውና «እኔ አልችልበትም» አለች፣ ገና ምን እንደሆነ ሳልነግራት። ደረጃውን ስወርድ ሆድ ባሰኝ። ለካ ሰው አጣሁ ብሎ መቀለድና ሰው ማጣት ይለያያል።

እንግዲህ ብቸኛ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። አንዱን ጆይስቲክ በቀኝ እጄ፣ ሌላውን በግራ እጄ ይዤ፣ ለራሴ ሁለት ሆንኩ። ጠረጴዛውን ራሴ ከራሴ ጋር ተሸክሜ አወጣሁት። ቁም ሳጥኑን፣ አልጋውን፣ ሁሉንም። እጆቼ ስለተዋወቁ ማንም ማንንም አልጣለም። መጨረሻ ላይ ባዶው ክፍልና የውጪው በር ቀሩ። በሩ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ የሚይዘው ከሌለ ይዘጋል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይወጣል። ግራ እጄ ያዘ፣ ቀኝ እጄ ወጣ። በሩ ተዘጋ፣ ቴሌቪዥኑም ለሁለት ተከፈለ፤ በአንዱ ወገን መንገድ፣ በሌላው ባዶ ክፍል። የግራውን ጆይስቲክ ሶፋው ላይ ወርወር አደረግሁና የወጣውን ሰው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ወሰድኩት። የሠሪዎቹ ስም መጣ። አለቀ።

ሒሱን በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። «በብልሃት የተሠራ፣ ግን ልብ የማይነካ» አልኩ። ተመልሼ ሳነበው አፈርኩ። ለሁለት ሰው በተሠራ ነገር ላይ ብቻዬን ፈርጄበት ሳበቃ፣ ልቤን አልነካኝም ብዬ እከሳለሁ!

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጋሽ ደወል ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። የቴአትር ሐያሲያችን ናቸው፤ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ስሙን ቢሮው ነው ያወጣላቸው፤ ቴአትር ቤት የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል ገብተው ይቀመጡና አርፍዶ የሚገባውን ሁሉ በዓይናቸው ሲገርፉት ያመሻሉ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ቴአትር ቤቶቹ ግን ዛሬም ሁለት የጥሪ ካርድ ነው የሚልኩላቸው። በሁለተኛው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ያስቀምጣሉ።

ከእኚህ ሰውዬ ጋር ያልተጨቃጨቅኩበት ቀን የለም።

«ቁልፍ እየተጫኑ ጥበብ?» ይሉኛል። «እንግዲያ የሊፍት ሠራተኛውም አርቲስት ነዋ! ልጄ፣ ጥበብ ፊት ሰው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። የሚነካካ ነገር ዕቃ ይባላል።»

«የእርስዎ ቴአትር እኮ እኔ ባንቀላፋም ይቀጥላል» እላቸዋለሁ። «የእኔው ግን እኔ ካልተንቀሳቀስኩ ይቆማል። አንድ ሰው ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ፤ ደራሲው ላይ ማላከክ የለም።»

«ኧረ ወዲያ!» ይሉና ጋዜጣቸውን ይዘረጋሉ። የዕለቱ ክርክር በዚሁ ይዘጋል።

ያን ዕለት ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ቴአትር ቤቱ ዝግ አይደል? ከምሳ በኋላ ቤቴ ይምጡና አብረን እንጫወት።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «እኔ? ምን ሲባል?»

«ሌላ ሰው የለኝም።»

እንዲህ ማለት አልፈለግኩም ነበር፤ አመለጠኝ። ጋሽ ደወል ቀልድ አልጨመሩበትም። «አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ። «ጥበብ አይደለም ብዬ ልፈርድ ነው የምመጣው። እንዳትሳሳቺ።»

መጡ። ሶፋው ላይ ሲቀመጡ የግራው ጎን ቆረቆራቸው። «ይሄ ነገር ሰው ተቀምጦበት አያውቅም እንዴ?» አሉ። ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ብርጭቆ በጣታቸው ጫፍ ያዙት፣ እኔም ቁልፎቹን አሳየኋቸው። ወዲያው ረሷቸው።

ጉድ ነው የሆንነው። ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ አጋጩት። አልጋውን ደረጃ ላይ ለቀውብኝ እስከ ታች ተንከባለልኩ።

«አንቺ ነሽ የገፋሽኝ!»

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ነው እኮ የሄዱት!»

«ኋላው የትኛው ነው?»

ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ከሰው ጋር እንዲህ መሳቅ ጉልበት እንደሚፈልግ ረስቼው ነበር፤ ጎኔን አመመኝ። እጆቼ ለብቻቸው ሳይወድቁ የጨረሱት ቤት ከእሳቸው ጋር መቶ ጊዜ ወደቅንበት፣ ቤቱም ሌላ ቤት ሆነ። ቁም ሳጥኑን ስናነሣ ከጀርባው ግድግዳው ላይ የልጆቹ ቁመት የተለካበት መስመር ብቅ አለ። ብቻዬን ስጫወት እዚህ ጋ ቆሜ አላውቅም፤ ለምን እቆማለሁ? ጋሽ ደወል ግን አቃታቸውና ቆሙ፣ ስለዚህ አየነው።

«እናትየዋ መድረክ ላይ የለችም» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዕቃዋ ግን ይተውናል። ይችን ያሰበ ሰው ሥራውን ያውቃል።» ከዚያ ደንገጥ አሉ። «እንዳትጽፊው! አልወጣኝም።»

በመጨረሻ በሩ ጋ ደረስን። እሳቸው ያዙት።

«ውጪ» አሉኝ።

«እርስዎ ይውጡ እንጂ፤ እንግዳ ነዎት። እኔ ልያዘው።»

«አልወጣም።»

ድምፃቸው ተለወጠ። ዞር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፣ አውራ ጣታቸው ቁልፉን ከመጫኑ ብዛት ነጭ ሆኗል።

«አንድ ጊዜ ውጣ ተብዬ ወጥቻለሁ» አሉ። «ሆስፒታል ነበርን። ‹ደክሞሃል፣ ወጣ በልና ንፋስ ተቀበል› አለችኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ። ወጣሁ። ግቢውን ዞሬ ስመለስ አልጠበቀችኝም። ብቻዋን ነው የሄደችው።» በሩን አልለቀቁም። «እስቲ አሁን እንኳ እኔ ልቅር።»

ወጣሁ።

በሩ ተዘጋ። ቴሌቪዥኑ ለሁለት ተከፈለ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እርስዎ የሚሠሩት ነገር የለም፣ ያስቀምጡት» ልላቸው አፌን ስከፍት፣ በእሳቸው ወገን ያለው ሰው ተንቀሳቀሰ።

ክው አልኩ። ያን ክፍል እኔ ሥዕል ነው ብዬ ነበር የተውኩት! ጆይስቲኩን ወርውሬው እንዴት ልወቅ። ጋሽ ደወል ግን አለቀ የሚላቸው ስላልነበረ አላቆሙም፤ እየተደናበሩ ባዶውን ክፍል አቋርጠው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ከመስታወቱ ወዲያ መንገዱ ይታያል። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።

«ያቺ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እያየሁሽ ነው እኮ!» ጮኹ። «ሐያሲ አይደለሽ? ይህን እንዴት አልነገርሽኝም?»

«አላውቅም ነበር። ብቻዬን ነበር የተጫወትኩት፣ ጋሼ።»

አልሰሙኝም። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ሊነኩት ደርሰዋል። «ታዲያ ዞር በይ እንጂ! ምን ያስሮጥሻል? ዞር ብለሽ እይኝ!»

ዞርኩ። በእኔ ወገን ሩቅ ላይ የቤቱ መስኮት አለ፣ መስኮቱ ውስጥ ፊቱ የማይለይ ትንሽ ሰው ቆሟል። ጋሽ ደወል ቁልፎቹን በየተራ ሞከሩ። አንዱን ሲጫኑ ሰውየው እጁን አነሣ።

ጣታቸውን ቁልፉ ላይ እንደጫኑ ቀሩ።

«የሆስፒታል አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነበር» አሉ። «ግቢው ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ግን ዞር አላልኩም።»

እጃቸውን ልይዝ ፈለግኩ፣ ግን ሁለቱም እጃቸው ጆይስቲኩ ላይ ነው። እኔም ያንኑ ቁልፍ ፈልጌ ተጫንኩት፣ መንገዱ ላይ ያለችውም እጇን አነሣች። ፊቷን መልሳ አንድ ሁለት እርምጃ ብትሄድ መታጠፊያው ነው። መስኮቱ ይጠፋል፣ የሠሪዎቹ ስም ይመጣል፣ ያልቃል።

ጠረጴዛው ላይ ስልኬ ጮኸ። ዋና አዘጋጁ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። እጄ ላይ ያለው ሒስ ያ የማፍርበት ነው፤ አዲሱን ደግሞ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አሁን ካላነሣሁት ገጹ ለማስታወቂያ ይሆናል፣ እኔም ወደ ዝሆኑ እመለሳለሁ፣ ለሁልጊዜውም።

«አትሂጂ ገና» አሉ ጋሽ ደወል።

«አልሄድም» አልኳቸው።

ስልኩን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ እንደገና ጠራ፣ እንደገና ዝም አለ፤ እኛ እጃችንን እንዳነሣን ነበርን።