መንገድ ላይ የቀሩ ድንጋዮች

ሮማን ሱቋን የከፈተችው ለገበያው ብላ አይደለም። ይህን ለማንም አልተናገረችም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ባሏ ሕዝቅያስ ከሞተና ልጇ አርባ ምንጭ ካገባች ወዲህ ግድግዳ እያዩ መዋሉ ከበዳት። ከሀዋሳ ወደ ደቡብ በሚወጣው አስፋልት ዳር፣ ወደ ቡሹሎ መገንጠያው ሳይደረስ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ አቆመችና ውሃ፣ ማንጎና አቮካዶ ደርድራ ተቀመጠች። ሰው ይቆማል፣ ሰው ያወራኛል ብላ ነበር። ሰው ግን ወይ ወደ ሐይቅ ዳር ሆቴሎች ይቸኩላል፣ ወይ ወደ ዲላ። ለማንጎ የሚቆመውም ቢሆን ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ተቀብሎ ውልቅ ይላል።

ሞተር አጥፍቶ የሚወርደው ሳዳም ብቻ ነበር። ሳዳም ለአንድ የሀዋሳ ነጋዴ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ገና ከሩቅ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል። ሮማን ያን ስትሰማ ሻሿን ታስተካክልና ከማንጎዎቹ የበሰለውን ትመርጣለች። እሱ በርጩማዋ ላይ ዘፍ ብሎ የመንገዱን ወሬ ሁሉ ያወርድላታል፤ የትኛው ኬላ እንዳቆመው፣ የትኛው ሹፌር እንዳገባ፣ የትኛው እንደፈታ። እሷ ደግሞ ትቆጣዋለች፤ ጫት በመቃሙ፣ ምሳ በመዝለሉ፣ ሚስት ባለመፈለጉ። እናቱን በልጅነቱ የቀበረ ሰው ነውና ቁጣዋን እንደ ምግብ ነበር የሚበላው። እሱ ሙስሊም፣ እሷ ጴንጤ፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠያየቃሉ። «ማዘር» ይላታል። ከልጇ ስልክ ይልቅ ያን ጡሩምባ ትጠብቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልጇ የምትደውለው ሲመቻት ነው።

አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ የሳዳም መኪና ጎማ ከሱቋ ትንሽ አለፍ ብሎ ፈነዳ። ጭነቱ ከባድ፣ የመንገዱ ዳር ጭቃ ስለነበር እዚያው አስፋልቱ ላይ አቆመና ሹፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ድንጋይ ለቃቅሞ ከመኪናው ኋላ ደረደረ፤ ከድንጋዮቹም ራቅ አድርጎ የዛፍ ቅርንጫፍ ጣለ። በእኛ አገር መንገድ ላይ ቅጠል ከታየ ወደፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ጣጣው መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ነው። ባለመኪናው ከጭንቁ ይገላገልና ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ሁሉም ይህን ያውቃል፣ ሁሉም ይራገማል፣ ሁሉም ደግሞ ያደርገዋል።

የዚያን ቀን ግን ሳዳም ሊያነሳቸው ነበር። ጎማውን ቀይሮ፣ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ ወደ ድንጋዮቹ ጎንበስ ሲል ሰማዩ በሐይቁ በኩል ጠቁሯል። የጫነው ስኳር ነው፤ ሸራው ደግሞ ተቀዷል። ሮማን አየችውና አንጀቷን በላት።

«ዝናቡ ሳይደርስብህ ሂድ። ተወው፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለችው።

እሱም አመናት። ለምን አያምናትም? እሷም ቃሏን ልትጠብቅ ወጣች። በመጀመሪያ የቀለላትን፣ ቅርንጫፎቹን፣ ጎትታ ወደ ዳር ጣለች። ለድንጋዮቹ ስትመለስ ዝናቡ ወረደ። እንዲያው ዝም ብሎ ዝናብ አልነበረም፤ ዐይን አያስገልጥም። እስኪያባራ ብላ ሱቋ ገባች።

ተሳቢ የሚጎትት አንድ ከባድ መኪና የመጣው ያኔ ነው። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ይመለስ ነበር። ሹፌሩ፣ ደረሰ የሚባል ሰው፣ ቤቱ ለመድረስ ቸኩሎ እንደሆነ አይካድም። ድንጋዮቹን ያያቸው ሊወጣባቸው ሲል ነው፤ የሚያስጠነቅቀው ቅጠል የለም። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። እርጥብ አስፋልት ላይ ባዶ ተሳቢ እንዲህ ያለ ነገር አይችልም። ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፣ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ዞረ፣ ፊተኛውና ኋለኛው እንደ ክንድ ተጣጥፈው መንገዱን ዘጉት። ከወዲያ በኩል ይመጣ የነበረ ባጃጅ መግቢያ አጥቶ ከተሳቢው ጋር ተላተመ። ባጃጁን የሚነዳው ካሌብ ነበር፤ ሮማንን ስንት ጊዜ ከነዘንቢሏ ከገበያ አምጥቷታል።

ሰው ከየት መጣ ሳይባል ተሰበሰበ። ካሌብን ይዞ የሚሮጠው ሚኒባስ እንዲያልፍ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ድንጋዮቹን በእጅም በእግርም እያሉ ወደ ቦዩ አንከባለሉና አብረውት ሄዱ። ማንም ክፉ አላሰበም። ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ሜትሩን ሲዘረጋ ግን አስፋልቱ ላይ ድንጋይ የሚባል ነገር አልነበረም። ደረሰ ከግንባሩ ደም እየወረደ «ድንጋይ ነበር፣ ድንጋይ ነበር» ይላል። የሰማው ሰው አንገቱን ነቀነቀ፤ ሰው የገጨ ሹፌር የሚለው ነገር አያጣም። ሮማን ከሰዉ መሃል ቆማ ነበር። አዎ ነበር አላለችም። ካሌብ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት ድንጋዮቹን ከቦዩ እያወጣች ወደ ግቢዋ አስገባችና ከአጥሩ ሥር ደረደረቻቸው። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። አነሳዋለሁ ብላ ነበር፣ አነሳች።

ከዚያ ወዲህ ጡሩምባው ጠፋ። መኪናው አልጠፋም፤ ሞተሩን ከሌላው ለይታ ስለምታውቀው ገና ከሩቅ ትሰማዋለች። በመጀመሪያው ቀን ማንጎ ይዛ ወጣች። ሳዳም ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ አለፈ። ቸኩሎ ይሆናል አለች። በሌላው ቀን ማንጎ ሳትይዝ ወጣች፤ አሁንም አለፈ። ስልክ ደወለች፣ አያነሳም። ያኔ ገባት። ሰምቷል። እሷን ማየት ማለት ለእሱ ድንጋዮቹን ማየት ነው።

እሷም ዝም ያለችው ለእሱ ብላ ነበር። ብትናገር ይታሰራል፣ መንጃ ፈቃዱን ይቀማል፣ ያን በርጩማ የሚያሞቅ ሰው አይኖርም። ሆድ ይፍጀው ብላ ቆለፈችው። እንዳታጣው ስትል ዝም ብላ በዝምታዋ አጣችው፤ ብቸኝነቱ ከድሮው ባሰ። ድሮ የምትጠብቀው ነገር ነበራት። አሁን ማታ ማታ ሱቋን ስትዘጋ ያልተሸጠውን ማንጎ ራሷ ትበላለች፣ እሱም አይጥማትም።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ከባጃጅ ወርዳ ወደ ሱቁ መጣች። ሐዳሳ እባላለሁ፣ የደረሰ ሚስት ነኝ አለች። ከአስፋልቱ ዳር ያለውን ቤት ሁሉ እያንኳኳች ድንጋይ ያየ ሰው ትፈልጋለች። የታሰረው ባሏ ጠበቃ የነገራትን አንድ በአንድ አስረዳች። ፍርድ ቤቱ ተሳቢው መታጠፉን አይደለም የሚጠይቀው፣ ለምን እንደታጠፈ ነው። ዝናብ እያለ መፍጠኑ የደረሰ የራሱ ጥፋት ነው፤ እሱም አይክድም። ለሟች ቤተሰብ ካሳውን የመኪናው ባለቤት ይጠየቃል። እስሩ ግን የሹፌሩ ነው፤ ድንጋዩ ከተረጋገጠ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ካልተረጋገጠ ሁሉም በደረሰ አናት ላይ ይወርዳል። ሮማን ሰማቻትና ዝናቡ ስለነበር ቤት ገብቼ ነበር፣ ምንም አላየሁም አለቻት። ዝናቡም፣ ቤት መግባቷም እውነት ነበር። ሐዳሳ አመስግና ሄደች። ምስጋናዋ ከስድብ በላይ አቃጠላት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐዳሳ ተመልሳ መጣች። ለመከላከያ ምስክር የተሰጠው ቀጠሮ ደርሷል፣ ምስክር ግን የለም። ደክሟታል፤ ውሃ ልስጥሽ ብላ ሮማን ወደ ግቢ አስገባቻት። ሮማን ብርጭቆውን ይዛ ስትወጣ ሐዳሳ ከአጥሩ ሥር ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች።

ውሃውን ጠጥታ ስትጨርስ «አሁንማ እሱም ራሱን መጠራጠር ጀምሯል» አለች። «ስንቅ ይዤለት ስሄድ፣ ምናልባት ድንጋይ ያየሁ መስሎኝ ይሆን? ይለኛል። እኔ ባምነው ምን ዋጋ አለው፣ ሚስቱ ነኝ። ሰው የለውም።»

ሰው የለውም የሚለው ነገር ሮማን ልብ ውስጥ ገባ። ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ ሰውዬ ግን ያጣው ሰው ብቻ አይደለም፣ የገዛ ዐይኑን ጭምር ነው። እሷ ደግሞ እውነቱን ግቢዋ ውስጥ ደርድራ አስቀምጣለታለች።

«ድንጋይ ነበር» አለች። «የተቀመጥሽበት ነው።»

ሐዳሳ እሳት እንደነካት ተነሳች። ሮማን ሁሉንም ነገረቻት፤ የማን መኪና እንደሆነ ብቻ አልነገረቻትም። በቀጠሮው ቀን መጥቼ እመሰክራለሁ፣ ስሙንም የዚያን ጊዜ እናገራለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን የምነግረው ሰው አለ አለቻት። ሐዳሳ አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀል ነበር።

የምትነግረው ሰው ግን አይቆምም። ስልክ አያነሳም። ቀጠሮው ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ጠዋት የሳዳም መኪና ወደ ዲላ ሲያልፍ አየችው፤ ከሰዓት መመለሱ አይቀርም። ሮማን ምሳዋን ሳትበላ ድንጋዮቹን ከአጥሩ ሥር እያነሳች ወደ አስፋልቱ ወሰደች። መንገዱ ቀጥ ብሎ ከሩቅ የሚታይበትን ቦታ መረጠች። ቅርንጫፍ ቆርጣ እጅግ አርቃ ጣለች፣ ድንጋዮቹን ከዲላ በሚመለሰው መስመር ላይ ደረደረች፣ እሷም አጠገባቸው ቆመች። የሚያልፍ ሁሉ ያበደች መስሎታል። ባጃጆች ሰደቧት፤ አንድ ሚኒባስ አቀዝቅዞ መኪናሽ የት አለ ብሎ ጠየቃት፤ መኪና የለኝም አለችው። ለእያንዳንዱ እጇን እያውለበለበች መንገድ አሳየች።

ትንሽ ቆይቶ ሰማዩ በሐይቁ በኩል ጠቆረ። ዝናቡ ሲጀምር ሱቋን አየችው፤ ቅርብ ነው፣ ደረቅ ነው። አልገባችም። ሻሿ ራሷ ላይ ተጣበቀ፣ ውሃው በአንገቷ ወረደ፣ እሷ ግን ከድንጋዮቹ አልተንቀሳቀሰችም። ያን ጊዜም ማድረግ የነበረባት ይህን ያህል ብቻ ነበር። ይህን ስታስብ አለቀሰች፤ ዝናብ ውስጥ ስለሆነች ማንም አላየም።

የሳዳም መኪና ቅጠሉን ሲያይ አቀዘቀዘ። እሷን ሲያይ ቆመ። ወደ ዳር አውጥቶ ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

«ማዘር፣ ምን እያደረጉ ነው? ሰው ሊሞት እኮ ነው።»

«ሰውማ ሞቷል፣ ሳዳም።»

አንገቱን ደፋ። ከስቷል፤ ጢሙም አድጓል። ነገ ፍርድ ቤት እንደምትቀርብ፣ የባለመኪናውን ስም እንደሚጠይቋት፣ ሳትነግረው ልትጠራው እንዳልቻለች ነገረችው። ተወው እኔ አነሳዋለሁ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ እሱንም እናገራለሁ አለችው። ሳዳም ከፊቱ የሚወርደውን ዝናብ በእጁ ጠረገ። ከዚያ ቀስ እያለ ተናገረ። እዚህ ቦታ ሲደርስ እግሩ ፍሬን ላይ አልሄድ እንደሚለው፣ ሌሊት እንደማይተኛ፣ ጌታው እንደሚያባርረው፣ ሊታሰርም እንደሚችል። በመጨረሻ ቀና ብሎ አያት።

«እኔ ከገባሁ እዚህ ማን ይቆምልዎታል?» አለ። ሊያስፈራራት አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት።

«አሁንስ ማን ቆመልኝ?»

ዝናቡ በረታ። ከቅጠሉ ወዲያ አንድ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ ሲመጣ ሮማን ጎንበስ ብላ አንዱን ድንጋይ ያዘች። ሳዳም ከእጇ ወሰደባት።

«ይተዉት ማዘር፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

ሚኒባሱን በእጁ አሳለፈና አንድ በአንድ አነሳቸው። ወደ ቦዩ አልጣላቸውም፤ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫናቸው። ቅርንጫፎቹን መጨረሻ ላይ፣ አስፋልቱ ከጸዳ በኋላ፣ ሄዶ ጎተታቸው። ሲመለስ ነገ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቃት። ሦስት ሰዓት ላይ ነው አለችው። መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ አብረን እንሄዳለን አላት።

ሱቁ ውስጥ ገቡ። ፎጣ ሰጠችው፣ ማንጎ ላጠችለት። ምሳ አለመብላቱን ስታውቅ ተቆጣችው፤ እሱም እንደ ድሮው ቁጣዋን ተቀበላት። ከነገ ወዲያ ያ ጡሩምባ ለብዙ ጊዜ እንደማይሰማ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አላነሱትም። መንገዱ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። እስኪያባራ ድረስ አብረው ተቀመጡ።