ቤት መድፊያ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የተተረተው ለክፍሉ ነው። የሺአረግን ብትጠይቋት እንዲህ ትላችኋለች፤ ባትጠይቋትም ትላችኋለች። ባለፈው ክረምት መድፍ ድሬዳዋን ሲንጣት፣ የለገሃር መስታወት ሲረግፍ፣ ሰዉ እንደ አቅሙ ለወታደሩ ውሃና ዳቦ ሲያመላልስ፣ ክፍሉ የት ነበር? የአክስቱ ዱቄት መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያ ኋላ! ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነበር። «አድፍጬ ነው» አለ። አልሸሹም ዞር አሉ!

ካራማራ ተይዞ የድል ወሬ ሲመጣ ግን ካኪውን አስተኩሶ ብቅ አለና የቀበሌው የቅስቀሳና የኪነት ኃላፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መድፉ የተወውን በግጥም ይደበድብ ጀመር። ለስኳር ሰልፍ ግጥም፣ ለጽዳት ዘመቻ ግጥም፣ ለጦርነቱማ አይነገርም። የሚያውቀው የግጥም ሕግ አንድ ነው። «ቤት ካልደፋ ግጥም አይባልም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ስንኙ ቤት ይድፋለት እንጂ ስለሌላው ደንታም የለው።

የሺአረግ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ትቸረችራለች። ምላሷ ከበርበሬዋ ይብሳል ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ግጥም ስለማትወድ አይደለም ክፍሉን የናቀችው። ለቅሶ ቤት ስትሄድ የአልቃሿን አፍ አፍ እያየች ነው የምታነባው። «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ የሚጽፈው እንዴት ያለ ጦርነት ነው?» ትላለች። «ደም እንደ ጎርፍ ይፈሳል፣ የሚደማ ሰው ግን የለም። አንድ ወታደር ውሃ አይጠማው፣ እግሩ አይቆረጥ፣ እናቱን አይጣራ። ሁሉም እየፎከረ ይሞታል። እየሞተ የሚፎክር ማን አይቶ ያውቃል?» ደንበኞቿ ይስቃሉ፣ ግራ ቀኙን አይተው ነው እንጂ።

ይኸው የናቀችው ሰው ታዲያ ደጅ ሊያስጠናት ሆነ። ነገሩ የጎረቤቷ የማዘንጊያ ነው።

ማዘንጊያ የባቡር ሠራተኛ የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ዘለቀ ብቻ ነው። ከሱ በፊት የወለደቻቸው በሕፃንነታቸው እየሞቱ አልቀሩላትም ነበርና፣ ይሄኛው እንኳ ይዝለቅልኝ ብላ ነው ስሙን ዘለቀ ያለችው። ሚሊሺያ ሆኖ ከዘመተ ጀምሮ በሶ ታዘጋጅለታለች። ሲቆይባት አሮጌውን ለጎረቤት ታድልና፣ ልጄ ሲመጣ የከረመ አይበላም ብላ አዲስ ታስፈጫለች።

አብሮት የዘመተው ሊበን አንድ እጁን አጥቶ ሲመለስ እሷ ደጅ ድርሽ አላለም። የሄደው የሺአረግ ጋ ነው። «ዘለቀን አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሁለቱም እጄ ነበረ» አለና በቀረችው እጁ ፊቱን ሸፈነ።  ቡና እንኳ ጠጣ ሳትለው ሄደ።

መርዶ እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። ጎህ ሊቀድ ሲል ዘመድ ጎረቤት ደጅ ይሰበሰባል፤ ብርቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዛሉ፤ ውሃ ይቀርባል፤ ከዚያ ነው ትልቅ ሰው የሚናገረው። ማዘንጊያ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። የባሏን ሞት ድንገት ሰምታ ወድቃ ነው የተነሳችው፣ ሐኪሙም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አያግኛት ብሏል። ስለዚህ እህቷ በለጠች ከአፍደም በባቡር እስክትመጣ ድረስ ሰፈሩ አፉን ሊዘጋ ተማማለ። ክርስቲያኑ በማርያም፣ እስላሙ ወላሂ ብሎ። ማዘንጊያም በሶዋን ማደሏን ቀጠለች። የሺአረግም እያመሰገነች ተቀብላ በጥብጣ ትጠጣለች።

ድንኳን ለመጣልና በሰዓት እላፊ ለመሰብሰብ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደ ማርያምና የሺአረግ ክፍሉ ቢሮ ሄዱ።

«ጓድ ክፍሉ፣ ምስጢር ነው፤ ከዚህ እንዳይወጣ» ብለው ጋሽ ወልደ ማርያም ነገሩት።

ክፍሉ ኮፍያውን አወለቀ። የሺአረግ፣ ሰው ሊሆን ነው እንዴ፣ ብላ ደነገጠች። ራሱን አከከና መልሶ ደፋው።

«የድሉ በዓል እሑድ ነው። ከበዓሉ በፊት ለቅሶ የሚባል ነገር የለም። ደግሞስ ጀግና ይፎከርለታል እንጂ ይለቀስለታል?»

«እናቱ ልትፎክር ነው?» አለች የሺአረግ።

«እትዬ የሺአረግ፣ ይሄ ስሜታዊነት ነው። ሰኞ ኑ።» ደግሞ እንደ ማሰብ አለና፣ «ማን አላችሁኝ ስሙን?»

«ዘለቀ» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም።

«ዘለቀ...» አለ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገ። «ዘለቀ... ዘለቀ...»

የሺአረግ ነፍስ ይማር ሊል መስሏት ጠበቀች። ቤት መድፊያ እየፈለገለት መሆኑን በምን ትወቅ!

ቅዳሜ ማዘንጊያ ፊቷ በርቶ መጣች። «የሺዬ! የጀግና እናት ብለው ለነገው በዓል ፊት ወንበር ሰጡኝ እኮ! ልጄ ሳይሾም አይቀርም። ማን ያውቃል፣ ይዘውት ይመጡ ይሆናል።» የሺአረግ እሰይ አለቻት። እሰይ ያለችበትን አፏን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት።

ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ ቀበሌ ሮጠች። ያንን ሁሉ ጊዜ የተረተችበትን ሰው እጁን ይዛ ለመነች። «ጓድ ክፍሉ፣ በሞቴ! የልጁን ስም አታንሳ። ልቧ አይችልም። ከሰው ፊት አትጣላት።»

«አይዞሽ» አለ ክፍሉ እጁን እያስለቀቀ። «እኔ ግጥም ነው የምጽፈው፣ መርዶ አይደለም።»

ቃል የገባላት መሰላት። በለጠች ማታ ባቡር ትመጣለች ተብሎ ነበር፤ ባቡሩ ለወታደር ጭነት ተፈለገና ቀረ።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ በሰው ታጨቀ። የግንቦት ሙቀት ነው፤ በተከፈተው መስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ያቃጥላል። ማዘንጊያ ያልተለበሰ ነጠላ አጣፍታ፣ አዲስ የተፈጨ በሶ በጨርቅ ቋጥራ ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ተቀመጠች። የሺአረግ ቦታ የለሽም ቢሏትም ገፍታ በቀኟ ተቀመጠች። በግራዋ ሌላዋ ጎረቤቷ ሃዎ ገባች። ሃዎ ከጦርነቱ ወዲህ ሶማልኛን እንኳ በሹክሹክታ ነው የምትናገረው። ወንድሟ ሰማታር አንድ ቀን ተወስዶ አልተመለሰም፤ የት ነው ብላም አልጠየቀች፣ አላለቀሰችም። ማን ፈቅዶላት!

ክፍሉ መድረኩ ላይ ወጣ። አቤት አወጣጡ! አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ክንዱን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ። ተራራ ናደ፣ ወንዝ አደፈረሰ፣ መብረቅ አዘዘ። የዱቄቱ መጋዘን አንበሳ! የሺአረግ ጥርሷን ነክሳ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ እስረኛ እያንዳንዷን ስንኝ ጠበቀች። ሊጨርስ ሲል፣ አሁንስ አለፈ፣ ብላ ትንፋሿን ለቀቀች። ያኔ ክፍሉ ድምፁን ከፍ አደረገ፤

«ጠላት እንደ ቅጠል ረገፈ አለቀ፣
ሕይወቱን ገበረ ጀግናችን ዘለቀ!»

ጣቱንም ወደ ማዘንጊያ ቀሰረ። «እነሆ እናቱ! ጭብጨባ!»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበና ደንግጦ አቆመ። አዳራሹ ውስጥ መርዶ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው ሁሉ ሟች ቀብሮ ያውቃል። ክፍሉ ብቻ ፈገግ እንዳለ ነው።

ማዘንጊያ ቀስ ብላ ወደ የሺአረግ ዞረች።

«የሺዬ፣ የማን ዘለቀ?»

የሺአረግ ክንዷን ያዘችው።  

መጀመሪያ የጮኸችው ሃዎ ናት። «ሆጌይ!» አለች፣ ወዮልኝ ማለት ነው በሶማልኛ፣ ያን ሁሉ ወር ያፈነችውን በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። «ሆጌይ! ሆጌይ!» ለዘለቀም ይሁን ለሰማታር፣ መድረኩ ሥር ጠመንጃ ይዞ የቆመው አብዮት ጠባቂ ዘወር ብሎ ቢያፈጥባትም ግድ አልሰጣትም።

ማዘንጊያ ተነሳች። በሶው ከጭኗ ወድቆ ተበተነ። ሁለቱ ሴቶች ይዘዋታል፤ ትወድቃለች ብለው ነው፣ እሷ ግን አልወደቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ መድረኩን ቀና ብላ አየችና በዚያው በክፍሉ ምት፣ በሙሾ ዜማ አወረደችው፤

«ዘለቀ ያልኩትን አለቀ ነው አልከኝ፣
ላንተ ቤት ሊደፋ የኔን ቤት ደፋህብኝ።»

ወይኔ! አለ አዳራሹ። ጋሽ ወልደ ማርያም ከኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው አነቡ። ሊበን በሩ ጋ ቆሞ በአንድ እጁ ደረቱን መታ። ሴቶቹ ወንበሩን ገፍተው መሀሉን ለቀቁ፣ ማዘንጊያ ደጋግማ አወረደችው፣ እነሱም ተቀበሏት። ከዚያ በቀይ ጨርቅ ባጌጠው፣ ለቅሶ በተከለከለበት አዳራሽ፣ የዘለቀ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ልጅ፣ የሁሉም ወንድም ለቅሶ ተጀመረ። ማን ያስቁመው! አብዮት ጠባቂው ራሱ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። ደረት ሲደቃ ከውጭ ለሚሰማው ጭብጨባ ይመስል ነበር።

ክፍሉ ከመድረኩ ወረደ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቷል፣ ላቡ ካኪውን አርሶታል። የሺአረግ፣ ይቅርታ ሊል ነው መሰለኝ፣ አለች በልቧ። እግሩ የፈሰሰውን በሶ እየረገጠ ተጠጋትና በጆሮዋ፣

«ለመሆኑ ይሄን ግጥም ማን ጻፈላት?» አላት።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ጫማው አፍንጫው ድረስ በዱቄት ነጥቷል።

«አንተ» አለችው፣ ወደ ማዘንጊያም ዞራ ክንዷን ያዘች።