የድጋፍ ደብዳቤ ለነስሩ ሽጉጥ

“ለማን ተብሎ ይጻፍ?” አለች የቀበሌዋ ጸሐፊ ሄርሜላ፣ ጣቶቿን ኮምፒውተሩ ላይ እንደዘረጋች።

“ለደቡብ አፍሪካ መንግሥት” አለች ረቢያ።

ሄርሜላ ቀና ብላ አየቻት። መታወቂያ ለማሳደስ ከኋላ የተሰለፉትም ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ረቢያ ማንንም ዞር ብላ አላየችም፤ የመስኮቱን ፍርግርግ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ ሱቋን አልከፈተችም። እስቲ አስቡት፣ የቦንጋ ነጋዴ በገበያ ቀን ዘግቶ ሲውል! ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ ጨርቁን ጥሏል ማለት ነው።

“ኤምባሲው ማለትዎ ነው?”

“ኤምባሲ በይው፣ ፖሊስ በይው፣ ብቻ ሽጉጥ ለሚፈቅደው ክፍል። ነስሩ ጸባዩ የተመሰገነ መሆኑን፣ ከሰው ተጣልቶ እንደማያውቅ፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ እንደማያውቅ ጻፊልኝ። ያኔ የሽጉጥ ፈቃድ ሲያወጣ እንደጻፋችሁለት። ፋይሉ እዚሁ ነው ያለው።”

“እትዬ ረቢያ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈን አናውቅም እኮ።”

“ዛሬ ጻፊያ! ለቅዳሜ ካልደረሰልኝ ባሌን ይገድሉብኛል።”

ወረፋ የያዙት ሰዎች ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነስሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከመውረዱ በፊት ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለችው የቡና አገር ሺሺንዳ ላይ ቡና ይገዛ ነበር። ገንዘብ ይዞ የጫካ መንገድ ስለሚሄድ ሽጉጥ እንዲፈቀድለት አመለከተ። ቀበሌው ድጋፍ ጻፈለት፣ ሽማግሌዎች መሰከሩለት፣ ፖሊስ የመሣሪያውን ቁጥር መዝግቦ ፈቃድ ሰጠው። ታጥቋት ኖረ እንጂ አንድ ቀን አልተኮሰባትም፤ እንዲያውም “ወገቤን ላጠችኝ” እያለ ያማርር ነበር። አገር ለቆ ሲሄድ ለፖሊስ አስረክቦ፣ ፈርሞ ሄደ። ነስሩ ሕግ ይተላለፋል የሚል ሰው ካለ እስቲ ረቢያ ፊት ይቁም!

አሁን ጆሃንስበርግ ዳር፣ የቆርቆሮ ቤት በበዛበት ሰፈር፣ በብረት በታጠረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል። የሚተኛውም እዚያው፣ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ነው። ባለፈው ሳምንት ዘራፊዎች ገቡበት። አብሮት የሚሠራውን የአጎቱን ልጅ ሚንሃጅን፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ እንደቆመ ደረቱን በጥይት መቱት። ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ የሺሺንዳ ልጅ! አስከሬኑን የሚያመጣው ጠፍቶ እዚያው ተቀበረ። ገዳዮቹ ሲወጡ ነስሩን “ቅዳሜ እንመለሳለን፤ ገንዘብ አዘጋጅተህ ጠብቀን” አሉት። ፖሊስ መጣ፣ መዘገበ፣ ሄደ።

ነስሩ ታዲያ ለሚስቱ ደወለና “እዚህም በሕግ ይፈቀዳል አሉኝ። የድሮውን ድጋፍ አሳድሰሽ በስልክ ላኪልኝ፤ ማኅተሙ በደንብ ይታይ” አላት። አመነችው። ለምን አታምነው? ሁለቱም የሚያውቁት መንገድ ይሄው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክብ ማኅተም የማይከፍተው የመንግሥት በር አይተው አያውቁም።

የሄርሜላ አንጀት አልቻለም። “ለሚመለከተው ሁሉ” ብላ ጀምራ የነስሩን ጨዋነት በአጭሩ ጻፈችና በወረቀት አውጥታ ሰጠቻት።

“ማኅተሙ ኃላፊው ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። እስከዚያ ጋሽ ዓለሙን ለምን አያማክሯቸውም? የሕግ ነገር ነው እኮ።”

ጋሽ ዓለሙ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ቦንጋ ላይ ያሸበቱ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ከረቢያ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲገዙ ዓመታት አልፈዋል። ከቢሯቸው ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት፣ ሽሮ ቀርቦላቸው ገና እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ደረሰችባቸው።

“ነይ ተቀመጪ፣ እንብላ።”

“ይብሉ ጋሼ፤ እኔ ከጉሮሮዬ አይወርድልኝም።”

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ይሄ እዚያ አይሠራም፣ ረቢያ።”

“ማኅተም እኮ ይመታበታል።”

“ቢመታበትም።”

“ዞኑ ቢያጸድቀውስ?”

“ዞኑም።”

“ውጭ ጉዳይስ? አዲስ አበባ እሄዳለሁ! ዛሬውኑ እሳፈራለሁ!”

“ስሚኝ። የዚያ አገር ሕግ ሽጉጥ የሚፈቅደው ለዜጋው ነው፤ ካልሆነም ቋሚ መኖሪያ ለተሰጠው። ነስሩ በእጁ ያለው የጥገኝነት ወረቀት ነው። ለሚፈቀድለትም ቢሆን ፈተና አለው፣ ምርመራ አለው፣ ወራት ይፈጃል። እኛስ ጋ አንድ ስደተኛ መጥቶ ሽጉጥ ልታጠቅ ቢል የሚሰጠው ያለ ይመስልሻል?”

አይ ጋሽ ዓለሙ! ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸው ስለ ጦር መሣሪያ ሕግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድም የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ኖረዋል። ዛሬ ጠያቂ መጣላቸው።

“ጃፓንን ብትወስጂ” አሉ እንጀራውን እየቆረሱ፣ “ሰውዬው የአደን ጠመንጃ ልግዛ ካለ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ሐኪም ጤንነቱን ያረጋግጣል፣ ፖሊስ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያጣራል። እዚያ በጥይት የሚሞተው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አሜሪካን ደግሞ ውሰጂ። በብዙው ቦታ ሱቅ ገብቶ መግዛት ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ይረሸናሉ። ታዲያ መሣሪያ ስለበዛ ብቻ ነው እንዳትዪ፤ ስዊዘርላንድ ብትሄጂ ብዙ ሰው መሣሪያውን ቤቱ አስቀምጦ...”

“ጋሽ ዓለሙ!”

ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

“እኔ የጃፓንን አልጠየቅኩዎትም! ስዊዘርላንድ ውስጥ ባል የለኝም! የእኔ ባል ያለበትን ይንገሩኝ!”

ጋሽ ዓለሙ የቆረሱትን እንጀራ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። እንደ ልጅ አፈሩ።

“ይቅር በይኝ፣ እህቴ” አሉ። “የነስሩ አገር ሕጉ ወረቀት ላይ ጥብቅ ነው። መንገዱ ላይ ግን የተሰረቀው መሣሪያ፣ ከፖሊስ እጅ ሳይቀር የጠፋው መሣሪያ እንደ ልብ ነው። ስንት ሰው እንደሚገደል ብነግርሽ ምንም አይረባሽም።”

“እንግዲያው ሕጉ የሚከለክለው ነስሩን ብቻ ነው ይበሉኛ! የነዚያንስ እጅ ማን ያዘው?”

ጋሽ ዓለሙ ትሪውን ገፋ አደረጉት። ሽሮው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ብቻ በድብቅ እንዳይገዛ ንገሪው” አሏት። “መታሰሩን ተይው። ባለሱቁ መሣሪያ አለው ከተባለ ለመሣሪያው ሲሉ ይገድሉታል። ለነሱ ከዳቦው ይልቅ መሣሪያው ነው ሀብት። ሚንሃጅን እጁን አንስቶ አልማሩትም፤ ነስሩ ሽጉጥ ሲመዝ ቢያዩትስ?”

ረቢያ ከምግብ ቤቱ እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። ካፊያ ጀምሯል። የባጃጆቹ መቆሚያ ጋ ስትደርስ ዝግ በሆነ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። “እናት፣ ልውሰድሽ?” አላት አንዱ ሹፌር፤ አልመለሰችለትም። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ነስሩ ነው።

“ላክሽው?”

“አይሠራም አሉ። ጋሽ ዓለሙ እንዳንተ ላለው ሰው አይፈቀድም አሉ።”

ነስሩ ሳቀ፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር።

“ዛሬ እዚህም ፖሊስ ጠይቄ እንደዚያው አሉኝ። ይሁን። አንድ ሰው ማታ ያመጣልኛል።”

“ምኑን?”

“ምኑን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።”

“ነስሩ! ለእሱ ሲሉ ነው የሚገድሉህ! እንዳትገዛ፣ በአላህ ይዤሃለሁ!”

“ባልገዛስ ሊምሩኝ ነው? ሚንሃጅ ምን ይዞ ነበር? ባዶ እጁን አይደል የሞተው?”

“ሱቁን ጣለው። አሁኑኑ ዘግተህ ከተማ ውስጥ ያሉት የአገርህ ልጆች ጋ እደር፤ ከዚያ ወደ ቤትህ ና።”

“ምን ብዬ? ወንድሞቼ የቡና መሬታቸውን ሸጠው ነው እኮ የላኩኝ። ምን ብዬ ነው ቦንጋ የምገባው? ሌባ ፈርቼ መጣሁ ልበል? ከውጭ ተባርሮ መጥቶ መናኸሪያው ጋ የሚቀመጠውን ሰውዬ አታውቂውም? ስሙ ጠፍቶ ‘ዲፖርት’ ሆኖ ቀርቷል። ሕፃን እንኳ ‘ዲፖርት መጣ’ ነው የሚለው። ሰው ቤተሰቡ ሞቶበት ወይ ታሞበት ቢመጣ ማንም ምንም አይለውም። እኔ ምን አለኝ?”

“እኔ አለሁህ። ልጃችን ዩስራ አለችህ።”

“እናንተማ ደህና ናችሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ማታ እደውላለሁ፤ ዱዓ አድርጊልኝ።”

ዘጋው። መልሳ ብትደውል አላነሳም።

ረቢያ ካፊያው እየመታት ቁጭ አለች። ቡና ሲመዝን የነበረው የነስሩ እጅ ሽጉጥ ከመሳቢያ ሲያወጣ ታያት። እነዚያ ዘራፊዎች ቀድመው ሲያዩት ታያት። ጋሽ ዓለሙ የዘረዘሩላት የአገሩ ሁሉ ሕግ ተሰብስቦ ቢመጣ፣ ነስሩን ከሰው አፍ የሚያድንላት አንድ መስመር የለውም። ደጋግሞ በሆዷ ይመላለስባት የነበረው ግን የራሱ የነስሩ ቃል ነበር፤ ታሞበት የሚመጣን ሰው ማንም ምንም አይለውም።

“አስታግፊሩላህ” አለች ጮክ ብላ። ተነሣች።

ከሱቋ አጠገብ ኮረሪማና ጥምዝ የመሰለ ቅመም የምትሸጥ ላቀች የምትባል ሴት አለች። ልቧ ደግ ነው፣ ለተቸገረ ቀድማ ትደርሳለች፤ ወሬ ግን ሆዷ ውስጥ አያድርም። ረቢያ በቀጥታ እሷ ጋ ሄዳ ጆሮዋ ሥር ተጎነበሰች።

“ላቀች፣ ለማንም እንዳትነግሪ።”

“ምን ሆነሻል? ምነው እንዲህ በስብሰሻል?”

“ሐኪም ቤት ጡቴ ላይ እባጭ አገኙብኝ። ጅማ ሪፈር ጻፉልኝ። ጥሩ አይደለም አሉኝ።”

“ውይ በሞትኩት!” ላቀች ኮረሪማ የምትሰፍርበትን ጣሳ ለቀቀችው። “ረቢያዬ! ውይ እኔን ይድፋኝ!”

“ለማንም እንዳትነግሪ አልኩሽ።”

“ኧረ ሞቼ እገኛለሁ!” አለች ላቀች፣ ዓይኗ ግን ከወዲሁ ገበያውን ይቃኝ ነበር።

ረቢያ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሳታስበው እጇ ደረቷ ላይ ሄደ። ፈራች። በገዛ አፏ በሽታ ጠርታ ቢመጣባትስ? “ያ ረብ፣ ውሸቴን ታውቃለህ” እያለች ተራመደች። መንገዱን ሙሉ ለዩስራ የምትላትን ስታዘጋጅ ነበር። ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩን ዘግታ፣ “ይሄ ውሸት ነው ልጄ፤ አባትሽን ለማዳን ነው፤ ማታ አባትሽ ሲደውል አንቺም እንደ እኔ በይ” ልትላት ወስናለች።

ገና ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ተበረገደ። ዩስራ ዩኒፎርሟ በዝናብ ተጣብቆባት፣ ቦርሳዋን የት እንደጣለችው ሳታውቅ፣ እየሮጠች ገባች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ግን የሕፃን ፊት ሆኗል።

“እማ! እትዬ ላቀች መንገድ ላይ... እማ፣ እውነት ነው?”

ረቢያ አፏን ከፈተች። ውሸት ነው ልትላት ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የልጇን ፊት አየችው። ይህቺ ልጅ መዋሸት አትችልም፣ ተፈጥሮዋ አይደለም። ነስሩ ደግሞ የሚስቱን ድምፅ ያውቃል፤ አሞኛል ብትለው ከመጀመሪያው ቃል ይነቃባታል፣ ስቆ ይዘጋውና ሽጉጡን የሚያመጣለትን ሰውዬ ይጠብቃል። የሚያምነው ይሄን ልቅሶ ብቻ ነው።

በመስኮቱ አየች። ሰማዩ እየጠቆረ ነው።

“እውነት ነው” አለቻት።

ዩስራ እናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። እንዲህ አልቅሳ አታውቅም፤ አባቷ ሲሄድም እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ረቢያ አቅፋ ያዘቻት። ልቧ “ንገሪያት፣ ንገሪያት” ይላታል። ስልኳን አውጥታ የነስሩን ቁጥር ነካችና በልጇ እጅ ላይ አኖረችው።

“ለአባትሽ አንቺ ንገሪው” አለቻት። “እኔ አልችልም።”

ስልኩ መጥራት ጀመረ። ረቢያ የልጇን እንባ ልትጠርግላት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።