የጸሎት ርዕስ

ሰገነት ድምጿን ከፍ አድርጋ መጸለይ ስትጀምር ምሕረት አንድ ዓይኗን ከፈተች። ማን እንደሚያለቅስ ለማየት ነበር። ማን ያላለቀሰ አለ! የዕለቱን ጸሎት የሚመሩት እትዬ አያልነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ። ያቺ ባንክ የምትሠራዋ ልጅ እንኳ፣ ለሞባይሏ ካልሆነ አንገቷን የማትደፋው፣ እንባዋን ታወርደዋለች።

"ይሄው ጀመረች" አለች ምሕረት በሆዷ።

የሐሙስ የሴቶች ጸሎት የሚደረገው በምሕረት ቤት ነው። ወንበር ከጎረቤት የምትለምነው እሷ፣ ጎዶሬ የምትቀቅለው እሷ፣ ዳጣ የምትፈጨው እሷ፣ የታመመ የምትጠይቀውም እሷ። ሶዶ መርካቶ ያለውን የጨርቅ ሱቋን በጊዜ የምትዘጋው ለዚሁ ነው። ባሏ ኤርካሎ "ሱቁን ለጌታ ሰጠሽው እንዴ?" እያለ ያሾፍባታል። ሰገነት ደግሞ ከሃላሌ ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ብርጭቆ አጥባ አታውቅም፤ አፏን ስትከፍት ግን ሰዉ ሁሉ ይቀልጣል። ዛሬ ከጸሎቱ በኋላ የኅብረቱ ሰብሳቢ ይመረጣል። ምሕረት የማን ስም እንደሚጠራ አልጠፋትም፤ አንጀቷ አርሯል።

ሰገነት ዛሬ ከሌሎቹ ቀድማ ነበር የመጣችው። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ብዙ አመነታች።

"ዳልጮ ከእሑድ ጀምሮ ቤት አልገባም" አለች። ዳልጮ ባሏ ነው፤ የሚኒባስ ሾፌር። "ሁምቦ ከተማ ሴት ይዟል አሉኝ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። አንቺን ስለማምንሽ ነው።"

"አይዞሽ እህቴ" ብላ አቀፈቻት ምሕረት። እያቀፈቻት ግን ደስ አላት። ሌላ ስም አይገኝለትም፣ ደስ አላት። ቤቷን ያልያዘች ሴት እንዴት ኅብረት ትይዛለች?

መቼም ሐሜት ኃጢአት ነው፤ ምሕረት ደግሞ አታማም። የጸሎት ርዕስ ግን ማንም ያቀርባል። "ለእህታችን ትዳር እንጸልይ፣ ባሏ ከቤት ወጥቷል" ብትል ምን ነውር አለው? እንዲያውም ፍቅር ነው! ለዚህም ጥቅስ ፈልጋ አገኘችለት። ሰይጣን እኮ አንዳንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሰገነት "አሜን" ብላ ጸሎቷን ስትጨርስ እትዬ አያልነሽ ፊታቸውን ጠረጉ።

"ወደ ምርጫው ሳንገባ የጸሎት ርዕስ ያላት አለች?"

ምሕረት ተነሳች። "እኔ አለኝ። ለእህታችን ለሰገነት…"

ሰገነት ቀና አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። አልተቆጣችም፤ እባክሽ የምትል ይመስል ራሷን በትንሹ ነቀነቀች።

"ለሰገነት ምን ብለን እንጸልይ ልጄ?" አሉ እትዬ አያልነሽ።

ነገሩ ምሕረት አፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ያ ዓይን እያያት ግን አልወጣ አላት።

"ጌታ… ጸጋውን እንዲያበዛላት" አለች በመጨረሻ። "እኛንም በእሷ እንዲባርከን።"

"አሜን!" አለ ቤቱ በሙሉ። ሰገነት ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች።

"አያችሁ?" አሉ እትዬ አያልነሽ። "በምርጫ ቀን ሌላዋን የምትመርቅ! ትሕትና ማለት ይሄ ነው። እኔ ምሕረትን ጠቁሜያለሁ።"

"እኔም እደግፋለሁ!" አለች የባንኳ ልጅ።

ትሑት! ምሕረት ቃሉን እንደ ማር ላሰችው። ስንት ዘመን የፈለገችው ነገር ሳትለምነው እጇ ገባላት፤ ከእሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። "ኧረ እኔ አይገባኝም" ብትልማ ጭራሽ ያከብሯታል። ልቧ አበጠ። ወዲያውም አፈረች፤ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ለካ ሰው ክፉ ሊሠራ ተነስቶም ይመሰገናል!

"ምሕረትን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።"

ሁሉም አወጡ። የሰገነት እጅ ከሁሉም ቀደመ።

"አውርዱ" አለች ምሕረት።

"ምን አልሽ?"

"እጃችሁን አውርዱ፣ በጌታ። እኔ የተነሳሁት ልመርቃት አልነበረም። ላዋርዳት ነበር። ቀንቼባት ነው።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ "ውይ!" አለች። እጆቹ በየተራ ወረዱ። ምሕረት የቆመችበት መሬት ቢውጣት በወደደች።

እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም እየቀናች ነበር። ቢሆንም የራሷን እጅ አወጣች።

"እኔ ሰገነትን ነው የምጠቁመው" አለች።